ብቻዬን የበላሁት ሙክት

ጣሊያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ፋሲካን መተማ ላይ ብቻዬን ዋልሁ። ብቻዬን ስል ሰው በሌለበት በረሃ ማለቴ አይደለም። ከጎጆዬ ግራና ቀኝ ጎረቤት ነበረኝ። የሚጫወቱት፣ የሚሳሳቁት ሁሉ በሸንበቆው አጥር አልፎ ይሰማኛል። ሰው የማይገባበት ደጅ ግን የእኔ ብቻ ነበር።

የተወለድሁት ጭልጋ ነው። አጋሰስ እየነዳሁ ወደ ቆላ መውረድ የጀመርሁት ጢም ሳላወጣ ነው። ማርና በርበሬ አወርዳለሁ፤ ጥጥና ጨው አወጣለሁ። ኋላ መተማ ላይ ጎጆ ቀለስሁ፤ ሚስትም አገባሁ። ሚስቴን ዓመት ሳይሞላን ወባ ወሰደብኝ። ከዚያ በኋላ የቀሩኝ አራት በቅሎዎች ነበሩ። ጣሊያን መጥቶ ምሽጉን ሲሠራ እነሱንም በመዝገብ ጻፋቸው።

"በቅሎዎችህ ለመንግሥት ሥራ ተፈልገዋል" አለኝ አስተርጓሚው።

"እኔስ?"

"አንተም ከነሱ ጋር።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናው መንገድ ከሚቆምበት ዱቄትና መኮሮኒ እየጫንሁ ወደ ምሽጉ አመላልስ ጀመር። ጠመንጃ አልያዝሁም፤ ማንንም አልጠቆምሁም፤ መንገድ አልመራሁም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረው ነበር። ሰዉ ግን ያላደረግሁትን አልጠየቀኝም። ያየው በየሳምንቱ ወደ ምሽጉ በር የምነዳቸውን በቅሎዎች ነው። ሰላምታዬን የሚቀበሉ እየሳሱ ሄዱ። በመጨረሻ ቆሞ የሚያነጋግረኝ አንድ ሽማግሌ እስላም ነጋዴ ብቻ ሆነ። ጨውና ስኳር፣ አቡጀዲም የሚሸጡ ሰው ናቸው፤ መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። እኔም እንደዚያው እላቸው ነበር።

ያን ዓመት ሁዳዴን ጠንክሬ ጾምሁ። የማሽላ ቂጣ በተፈጨ ሰሊጥ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ቀበቶዬን በወስፌ ሁለት ጊዜ አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው የምሽጉ የስንቅ ሹም ጠራኝና ከደጋ ከመጡት ሙክቶች አንዱን ሰጠኝ። ጭነቱ በጊዜው በመድረሱ ደስ ብሎት ነው። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና የማላውቀውን ነገር በቋንቋው ተናገረ። ሙክቱ ነጭ ነው፤ ላቱ ከመክበዱ የተነሣ ሲራመድ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። እንዲህ ያለ በግ ቆላ ላይ አይገኝም፤ የእኛ በጎች ጅራታቸው እንደ ገመድ ነው።

በገበያው መካከል እየሳብሁ ወሰድሁት። በጓሮ መንገድ መሄድ እችል ነበር። እንዲያዩልኝ ፈለግሁ። ይህን የመሰለ ሙክት ካዩ ለአንድ ቀን እንኳ ቂማቸውን ትተው ይመጣሉ ብዬ አሰብሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ቀኝ ጎረቤቴ ወዳሉት አሮጊት ነው። ሚስቴ በታመመች ጊዜ ራሷን ደግፈው ውሃ ያጠጧት እሳቸው ነበሩ። በራቸው ላይ ተቀምጠው ማሽላ ያበጥራሉ።

"እማማ፣ ዘንድሮ እኔ ቤት ይፈስኩ። ሙክት አለኝ።"

"እኔ ዶሮ አለችኝ" አሉ ቀና ሳይሉ።

"ዶሮዋ ለሌላ ቀን ትቆይዎ።"

"ዶሮ አለችኝ አልሁህ።"

ሰፌዱን ማንገዋለል ቀጠሉ። ሁለተኛው ጎረቤቴ ለበዓሉ ኮኪት ወደሚባለው መንደር እንደሚሄድ ነገረኝ፤ በማግሥቱ ግን ደጁ ላይ አየሁት። ሦስተኛው ሆዱን እንደሚያመው ነገረኝ። እሺ ብዬ ተመለስሁ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት በጉን ብቻዬን አረድሁ። በግ ሲታረድ እግር የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እኔ እግሮቹን በገመድ ከግንድ ጋር ጠፍሬ፣ በስመ አብ ብዬ ባረክሁት። ቆዳውን ገፈፍሁ፤ ሥጋውን በየብልቱ አወጣሁ፤ ዱለቱን ራሴ ሠራሁ፤ ጥብሱን ራሴ ጠበስሁ። በደጄ ካለው ዳስ ሥር ሦስት መቀመጫ አዘጋጀሁ። እምቢ ያሉኝ በአፋቸው ነው፣ ሽታው ሲደርሳቸው ይመጣሉ የሚል ተስፋ ነበረኝ። ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ጠበቅሁ። በአጥሩ በኩል "እንኳን አብሮ አወጣን" ሲባባሉ እሰማለሁ።

ቀትር ላይ ሐጂ መጡ። በእጃቸው ተምር ይዘዋል።

"እንኳን ለበዓላችሁ አደረሳችሁ" አሉኝ። እናንተ ያሉት ከእኔ ጋር ሌላ ሰው ይኖራል ብለው ይሆናል። ከዳሱ ሥር ገብተው ባዶዎቹን መቀመጫዎች አዩና አንዱ ላይ ተቀመጡ።

እሳቸው የክርስቲያን ዕርድ አይበሉም። እኔም የእስላም አልበላም። ሁለታችንም ስለምናውቀው አልተነጋገርንበትም። ውሃ ቀዳሁላቸው፤ ከተምራቸው ሦስት ፍሬ በሉ።

"ብላ እንጂ" አሉኝ። "እኔ ስላልበላሁ አንተ አትፈር።"

በላሁ። ያን ሁሉ ቀን ጾሜ የመጀመሪያው ጉርሻ አፌ ውስጥ ሲሟሟ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሐጂ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ስለ ስኳር መወደድ ያወሩኝ ጀመር። የጸሎት ሰዓታቸው ሲደርስ ተነሡና ሄዱ።

ሥጋ ቆላ ላይ አያድርም። ቀዩን ዘልዝዬ ቋንጣ ሰቀልሁት፤ በሚያዝያ ፀሐይ በአንድ ቀን እንደ ቅርፊት ይደርቃል። ጮማው ግን አይደርቅም። ፀሐይዋ ታቀልጠዋለች፤ በገመዱ ላይ እየተንጠባጠበ መሬት ይወርዳል። ላቱና ሞራው ደግሞ ከሥጋው የማይተናነስ ነበር። መጣል እችል ነበር። ለውሻ መጣል ግን ማንም እንደማይመጣ አምኖ መቀበል መሰለኝ። ስለዚህ ሞራውን አቀለጥሁት፤ ላቱን ቆራርጬ በራሱ ስብ ጠበስሁት፤ እንዳይበላሽ ጨው አበዛሁበት። ከዚያ በላሁት።

ጠዋት በላሁ፤ ቀትር በላሁ፤ ማታ በላሁ። ቂጣውን በቀለጠው ስብ አርሼ፣ በላዩ ከብት አርቢዎቹ የሚያመጡትን ቅቤ አፍስሼ እበላለሁ። መጀመሪያ ከረሃቡ ነው፤ ቀጥሎ ከጣዕሙ ነው፤ ከሦስተኛው ቀን ወዲህ ግን ከንዴት ነው የበላሁት። ባይመጡ የራሳቸው ጉዳይ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ እላለሁ። ስጎርስ ሁልጊዜ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞራለሁ። የሚያየኝ ግን አልነበረም።

ሰውነቴ ወዲያው ነገረኝ፤ እኔ አልሰማሁትም። ከበላሁ በኋላ እንቅልፍ እንደ ከባድ ጭነት ይወድቅብኛል። አንገረቡ ላይ ጋደም ስል፣ የገመዱ አልጋ ከሥሬ እየተርገበገበ ይመስለኛል፤ የሚርገበገበው የራሴ ልብ ነው። በጆሮዬ ውስጥ ዱብ ዱብ ይላል። ስነሣ አፌ ደርቆ፣ ራሴ ከብዶ፣ የጣቶቼ ጫፍ ደንዝዞ አገኘዋለሁ። ጠግቤ እያለሁ ጉልበት የለኝም። የሚገርመኝ ይህ ነበር። በጾሙ ወራት በባዶ ሆዴ የዱቄት ከረጢት ብቻዬን አንሥቼ በቅሎ ላይ እጭን ነበር። አሁን ያንኑ ከረጢት እጉልበቴ ላይ አድርሼ መልሼ አወረድሁት።

በሰባተኛው ቀን የጫማዬ ጠፍር እግሬን በላው። ሳወልቀው ቆዳዬ ላይ ጠፍሩ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ጎድጉዶ ቀረ። ሆዴ ተነፍቷል። በማግሥቱ፣ በዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ ወደ ምሽጉ በምትወስደው ትንሽ ዳገት ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። የበቅሎዋን ጭራ ይዤ ቆምሁ። ሰዎች በአጠገቤ ያልፋሉ። አንዱ እንኳ ምን ሆንህ አላለኝም። የሞትሁ እንደሆነ እዚህ ነው የምሞተው፣ በቅሎዎቹም ያለ እኔ መንገዱን ያውቁታል ብዬ አሰብሁ። ከሁሉ ይልቅ ያስከፋኝ ይህ ሐሳብ ነው።

ያዩኝ ሐጂ ናቸው። ከሱቃቸው ወጥተው መጡና ፊቴን አዩ።

"ምን ነክቶሃል፣ ልጄ? ዓይንህ ሥር አብጧል።"

"ድካም ነው።"

"ድካም እግር አያሳብጥም። ና፤ ማዶ ሐኪም አለ፤ እንሻገር።"

ያን ጊዜ ነጋዴ ድንበር ማዶ፣ እንግሊዝ በሚገዛው ሱዳን ወዳለው ገላባት መሻገር አይከለከልም ነበር። በቅሎዎቹን ምሽጉ በር ካደረስሁ በኋላ ሐጂ በኬላው ላይ "ተሸካሚዬ ነው" አሉና በደረቁ ወንዝ አልፈን ሄድን። በእንግሊዞቹ በኩል አንድ የሱዳን ድሬሰር ነበር፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ሕዝቡ ሐኪም ይለዋል። የሚናገረው ዐረብኛ ነው። እኔ የገበያ ዐረብኛ እሰማለሁ፤ የቀረውን ሐጂ ያስተረጉሙልኛል።

አውራ ጣቱን ቅልጥሜ ላይ ጫን አድርጎ አነሣው። ጣቱ ያረፈበት ቦታ ተሰርጉዶ ቀረ። ደረቴን በመስሚያ አዳመጠ፤ እንደገና አዳመጠ። ሆዴን በሁለት እጁ ዳሰሰ።

"በዚህ ቆላ ጣፊያን የሚያሳብጥ ክፉ በሽታ አለ" አሉኝ ሐጂ ቃሉን እየመለሱ። "እሱ እንዳይሆን ደምህን ላየው ይላል።"

ክንዴን በገመድ አስሮ በመርፌ ደም ቀዳ። ደሙን ጣት በምታህል የመስታወት ቱቦ አደረገና ከሌሎች ሰዎች ደም ጋር በእንጨት ማቆሚያ ላይ ሰካው። ደም ሲረጋ ከላይ ውሃ ያቀርራል፤ ምርመራው በዚያ ውሃ ነው አለን። ሄደን ከዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እኔ ስለ በሽታው አልፈራሁም። ታምሜ ብተኛ ማን ውሃ ያቀብለኛል የሚለውን ነበር የማስበው።

ሲጠራን ገባን። ማቆሚያው ላይ አራት ቱቦዎች አሉ። በሦስቱ ከረጋው ደም በላይ ጭድ የተነከረበት ውሃ የመሰለ፣ ጥርት ያለ ነገር ቆሟል። በአራተኛው ላይ ያለው ግን ነጭ ነው። ወተት ነው የሚመስለው።

"ይህ የማነው?" አልሁ።

ሐጂ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ድሬሰሩ በጣቱ እኔን አመለከተ።

"ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?"

"ቂጣ በቅቤ። የበግ ላት።"

"ትናንትስ?"

"ያንኑ።"

"ስንት ቀን ሆነህ እንዲህ ከበላህ?"

"ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ከዚያ በፊት ጾም ላይ ነበርሁ።"

ድሬሰሩ ቱቦዋን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ያዛት። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀ። ይህን ያለ አስተርጓሚ ሰማሁት፤ "አንድ ሙሉ በግ ብቻውን? ሰው የለውም?" ነው ያለው። ሐጂ ወደ እኔ አልመለሱልኝም። ራሳቸው መለሱለት።

"ዘመዶቹ ሩቅ ናቸው" አሉት።

አንገቴን ደፋሁ። ሐጂ እንደሰማሁ አላወቁም ይሆናል፤ ወይም አውቀው ይሆናል።

ድሬሰሩ ቁጭ ብሎ በትዕግሥት አስረዳኝ። ሐጂ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ያስተረጉማሉ። "የጣፊያው በሽታ የለብህም፤ የበላኸው ስብ ከአንጀትህ ወደ ደምህ ይገባል ነው የሚለው። የማንም ሰው ስብ ይገባል። ጤነኛ ሰው አንድ ቀን ጠግቦ ቢበላ፣ ሰዓታት ቆይቶ ደሙ ይጠራል። አንተ ግን ሳይጠራ ሌላ ትደርብበታለህ። ደም የሚሄድባቸው ሥሮች ልብ ሲመታ መላላት አለባቸው፤ በስብ ሲዋጡ እንደ ደረቀ ጠፍር ይገተራሉ። ልብህ በተገተረ ሥር ውስጥ ደም ለመግፋት ይደክማል። የምትሰማው ዱብ ዱብ እሱ ነው። ጨዉ ደግሞ ውሃውን እግርህ ላይ ያቆየዋል።"

"ጠግቤ ጉልበት ያጣሁትስ?"

ሐጂ ጠየቁልኝ። "ሰውነትህ በጾሙ ጥቂት መቀበል ለምዶ ነበር፤ ድንገት ይህን ሁሉ አመጣህበት። እህሉን ጉልበት ከማድረግ ይልቅ ማከማቸት ያዘ። ጎተራው ሞልቶ ወፍጮው ቆሟል ይላል።"

"እሞታለሁ?"

ድሬሰሩ ይህን ያለ ትርጉም ገባው መሰለኝ፣ ፈገግ አለ። "ስምንት ቀን ነው" አለ። "ስምንት ዓመት ቢሆን ኖሮ ሌላ እንነጋገር ነበር። ዛሬ ካቆምህ ይመለሳል።" ቅቤና ጮማ እንድተው፣ ጨው እንድቀንስ፣ ቀጭን የማሽላ አጥሚት እንድጠጣ፣ በቅሎ ላይ ሳልቀመጥ በእግሬ እንድሄድ አዘዘኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ምግብ ሳልቀምስ እንድመለስ ነገረኝ። ሐጂ በመንገድ ላይ ጎምዛዛውን የሁመር ፍሬ ገዙልኝ፤ በዐረብኛ ዓረዴብ የሚሉትን። "ይህን በውሃ በጥብጠህ ጠጣ፤ ጥማትህን ይቆርጥልሃል" አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ የቀረውን ስብ ከነሸክላው አወጣሁና ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርሁት። ስቀብረው አሮጊቷ በአጥራቸው በኩል አዩኝ።

በማግሥቱ እሳቸው ራሳቸው መጡ። ከበሩ ገብተው ከዳሱ ሥር፣ ራቅ ብለው፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። መቀመጫ ባቀርብላቸው በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ታመህ ነው አሉ።"

"አዎን፣ እማማ። አሁን ይሻለኛል።"

"የታመመ ሳልጠይቅ አላድርም ብዬ ነው። ሌላ እንዳይመስልህ።"

ያበጠ እግሬን ያያሉ።

"የእኔን ልጅ ታውቀዋለህ" አሉ በመጨረሻ። "ጫካ ከገባ ሁለት ዓመት ሆነው። ያንተ በቅሎዎች የሚያመጡትን ዱቄት የሚበሉት ሰዎች፣ በልተው ሲጠግቡ የሚሄዱት ወዴት ይመስልሃል?"

"እኔ ጠመንጃ አልያዝሁም።"

"ያዝህ አላልሁህም። ዱቄቱን ማን ያመጣዋል ነው ያልሁህ።"

ሳይቆጡ ነው የተናገሩት፤ ማሽላ ሲያበጥሩ በነበረው ድምፅ። ይልቅ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ተነሥተው "እግዜር ይማርህ" ብለው ወጡ።

ሁለቱን ሳምንት እንደታዘዝሁ ኖርሁ። ከበቅሎዎቹ ጎን በእግሬ እሄዳለሁ፤ አጥሚት እጠጣለሁ፤ ሁመሩን እበጠብጣለሁ። በአምስተኛው ቀን እግሬ ጎደለ። በሳምንቱ አንገረቡ መርገብገቡን ተወ። በዐሥረኛው ቀን ከረጢቱን አንሥቼ ጫንሁ። ጉልበቴ ሲመለስ ግን የጫንሁት ነገር ክብደት ሌላ ሆኖብኝ ነበር። በየመንገዱ የአሮጊቷን ጥያቄ እሰማለሁ። በሕመሜ ጊዜ ያልታየኝ አሁን በጤናዬ ይታየኝ ጀመር፤ ሰዉ ከእኔ የሸሸው ክፉ ሆኖ አልነበረም።

ከሐጂ ጋር እንደገና ተሻገርን። ድሬሰሩ ደሜን ቀዳና በቱቦ አድርጎ አቆመው። ስንመለስ ከላይ ያለው ውሃ እንደ ሌሎቹ ጥርት ብሎ፣ ቢጫ ሆኖ አገኘነው። በእጄ ሰጠኝና ወደ ብርሃኑ አድርጌ አየሁት። ከቱቦው ማዶ የድሬሰሩ ጣቶች ይታያሉ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ብፈልግ ከአጠገቤ ሐጂ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ አብረው አይተውታል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል መተማን ለቀቅሁ። ለምሽጉ ሰዎች ዘመድ ሞቶብኝ ለቅሶ መሄዴ ነው አልኋቸው። በቅሎዎቹን ይዤ መውጣት አልችልም፤ መዝገብ ላይ ናቸው። በረት ገብቼ የአራቱንም አንገት አሻሸሁና ወጣሁ። ወደ አሮጊቷ ቤት ሄጄ ወደ ኮኪት ማሽላ ልዘራ መሄዴን ነገርኋቸው።

"በቅሎዎችህስ?"

"ትቻቸዋለሁ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። "ስንቅ ይዘሃል?" አሉኝ። አልያዝሁም ነበር። ቤት ገብተው የተቆላ ሰሊጥ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። ይቅር አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸው። ሐጂን ደግሞ በሱቃቸው ተሰናበትኋቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

ኮኪት ላይ ቁጥቋጦ መንጥሬ ዘራሁ። ማንም አልፈለገኝም፤ አጋሰስ ነጂ ብዙ ነው። በማግሥቱ ዓመት እንግሊዝና ጣሊያን ተዋጉ፤ ድንበሩ ተዘጋ፤ የመድፉ ድምፅ እርሻዬ ድረስ ይመጣ ነበር። ጣሊያን ምሽጉን ለቆ ሲሄድ በእግሬ ወደ መተማ ወረድሁ። የአሮጊቷ ጎጆ ጣሪያው ወድቋል። ልጃቸውን ፍለጋ ደጋ ወጡ ያለኝ ሰው ነበር፤ ሌላው የት እንደሄዱ አያውቅም። የሐጂ ሱቅ በሩ በሚስማር ተመትቷል። በአጠገቡ ቆሜ የሚያልፈውን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ናቸው አለኝ። ሌላው አንድ ሽማግሌ በመንገድ ሞቶ መቀበሩን ሰምቻለሁ፣ እሳቸው ይሁኑ አይሁኑ ግን አላውቅም አለኝ። እስከ ቀትር ጠበቅሁ። ከዚያ ፀሐይዋ ስለበረታች ሳይሆን የምጠይቀው ሰው ስላለቀብኝ፣ ወደ ኮኪት የሚወስደውን መንገድ ያዝሁ።